ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ ለአምስት ሰው፦ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ባልኮኒ ወይስ ጁኒየር ስዊት?

መስኪ_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። በሮያል ካሪቢያን ድርጅት መርከብ፣ በቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ፣ ከባልቲሞር ተነሥተን የ5 ሌሊት የቤርሙዳ ክሩዝ (በመርከብ የመዝናኛ ጉዞ) ለመያዝ አስበናል። ጊዜው ኦገስት አጋማሽ ነው። አምስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ10 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ እና እናቴ። እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ መኪና ውስጥም ቶሎ ያጥወለውላታል።

ወኪሉ ሦስት አማራጭ ሰጥቶናል፦ ሁለት መስኮት የሌላቸው ክፍሎች፣ አንድ ባልኮኒና አንድ መስኮት የሌለው፣ ወይም አንድ ጁኒየር ስዊትና አንድ መስኮት የሌለው። ስለ ጁኒየር ስዊቱ «የስዊት ጥቅማ ጥቅም አለው» ብሎናል፤ ምን ምን እንደሆነ ግን አልዘረዘረልንም። ምን እንደምንገዛ ሳናውቅ ያን ያህል ጨምረን መክፈል አንፈልግም። ስዊት የያዘ ሰው በትክክል ምን ያገኛል? ሌላው ክፍል ውስጥ ያሉትስ ይካፈሉታል? ለእናቴስ የቱ ይሻላታል?

ብሩክ_ቢ

እህቴ፣ የክፍሉን ስምና የሚያስገኘውን ጥቅም ለያይተሽ እዪ። «ጁኒየር ስዊት» የሚባል ክፍል ትልልቆቹም ትንንሾቹም የሮያል መርከቦች ላይ አለ፤ ይዞት የሚመጣው ነገር ግን እንደ መርከቧ ይለያያል።

ኦሲስ፣ ኳንተምና አይከን በሚባሉት የመርከብ ዓይነቶች ላይ ስዊቶቹ በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል፤ ሲ፣ ስካይ እና ስታር። ጁኒየር ስዊት የመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም ሲ ነው። እዚያም ቢሆን ትልቁ ጥቅሙ ለስዊት እንግዶች በተለየው ኮስታል ኪችን በሚባለው ምግብ ቤት እራት መብላት ነው። ቁርስና ምሳውም እዚያው፣ ነጻ ኢንተርኔት፣ የስዊት ላውንጅና ጉዳይ የሚያስፈጽም ኮንሲየርዥ የሚጀምሩት ከስካይ፣ ማለትም ከግራንድ ስዊት አካባቢ ነው። ስታር የያዘ ደግሞ መጠጡም፣ ልዩ ምግብ ቤቶቹም፣ ቲፑም በዋጋው ውስጥ ገብቶለት «ሮያል ጂኒ» የሚባል የራሱ አስተናጋጅ ይመደብለታል።

ቪዥን በ1998 ሥራ የጀመረች፣ 78 ሺህ ቶን ገደማ የሆነች መርከብ ናት። ኮስታል ኪችን የላትም፤ የሲ፣ ስካይ፣ ስታር አከፋፈልም አይሠራባትም። ስለዚህ እሷ ላይ ጁኒየር ስዊት ስትይዢ በዋናነት የምትገዢው ስፋት ነው፤ ሰፋ ያለ ክፍል፣ ሰፋ ያለ ባልኮኒ፣ ገንዳ ያለው መታጠቢያ ቤትና ተጨማሪ የልብስ ቦታ። በታማኝነት ፕሮግራሙ በሌሊት አንድ የነበረው ነጥብ ሁለት ይሆናል፤ ይህ የሚጠቅመው ወደፊት ደጋግማችሁ በሮያል የምትሄዱ ከሆነ ነው። ወኪሉን «በዚህች መርከብ ላይ፣ ለዚህ የክፍል ኮድ ምን ይሰጣል?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። በጠቅላላው «የስዊት ጥቅም» የሚል መልስ አትቀበዪ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ጥቅሙ የሚሰጠው በክፍሉ ለተመዘገቡት ሰዎች ብቻ ነው። የመርከቧ ካርድ (ሲፓስ የሚሉት) የእያንዳንዱን ሰው ደረጃ ይይዛል። እናትሽ መስኮት በሌለው ክፍል ከተመዘገቡ እናንተ ስዊት ስለያዛችሁ ብቻ ላውንጅ አይገቡም፣ ቅድሚያም አያገኙም። ትልልቆቹ መርከቦች ላይ አያት ወይም ልጆች በር ላይ ተለይተው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሰዉ አከፋፈል። በየክፍሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ይቀንስላቸዋል። ስለዚህ አራት እና አንድ ሆናችሁ አትከፈሉ፤ ብቻውን የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ ነው የሚጠየቀው። ሦስት እና ሁለት ሁኑ። እናትሽ ከሴቷ ልጅ ጋር፣ እናንተ ከትንሹ ጋር። አንድ መስመር ብቻ ልጨምር፦ ሁለት ክፍል ማለት ሁለት መታጠቢያ ቤት ማለት ነው፤ ይህ ለአምስት ሰው ከየትኛውም የስዊት ጥቅም ይበልጣል።

የእናትሽ ክፍል ርዝመቱ መሀል፣ ከፍታው ዝቅ ያለ ይሁን። መርከብ በማዕበል ላይ ስትወዛወዝ አፍንጫዋና ጭራዋ ናቸው ብዙ ከፍ ዝቅ የሚሉት፤ መሀሏ ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ወደ ጎን መወዝወዙ ይብሳል። ቪዥን ላይ ባልኮኒዎቹና ስዊቶቹ ያሉት 7ኛና 8ኛ ዴክ (የመርከቧ ፎቅ) ላይ ነው። 2ኛና 3ኛ ዴክ ላይ ደግሞ መስኮት የሌላቸውም ክብ መስኮት ያላቸውም ክፍሎች አሉ። ለእናትሽ 3ኛ ዴክ፣ ከመሀለኛው ሊፍት ከአምስት ስድስት በር ያልራቀ፣ ክብ መስኮት ያለው ክፍል ፈልጊላቸው። ወኪሉ ያልጠቀሰልሽ አራተኛ አማራጭ ይህ ነው። ለሚያጥወለውለው ሰው አድማሱን ማየት ይረዳል፤ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ስለማያገኝ ይብስበታል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከሌሎች መድኃኒቶቻቸው ጋር ይስማማ እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ። መድኃኒቱ የሚወሰደው ሕመሙ ሳይጀምር ነው።

ሶስና_ብሩክሊን

ብሩክ ያለው ልክ ነው። ከባልቲሞር ለምን አሮጌና መካከለኛ መርከብ ብቻ እንደሚነሣ ላልገባው ሰው፦ ምክንያቱ የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ነው። ከውኃው በላይ ያለው ክፍተት 186 ጫማ ገደማ ስለሆነ ኦሲስን የመሰሉት ከሥሩ አያልፉም። ማርች 2024 የወደቀው የባልቲሞሩ የኪ ድልድይም ተመሳሳይ ገደብ ነበረበት፤ እሱ ቢነሣም ያኛው አለ። ስለዚህ ከባልቲሞር ስትነሡ ቅርበቱን ነው የምትገዙት። መኪና አቁሞ መግባት፣ አውሮፕላን የለም፣ ሆቴል የለም። ለእናትሽ ጉልበት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የስዊት ጥቅም ራሱን ከፈለጋችሁት ግን ኤምኤስሲ የሚባለውን ሌላ የክሩዝ ድርጅት እዩ። ኤምኤስሲ ሜራቪሊያ ከ2023 ጀምሮ ከብሩክሊን ትነሣለች። ኤምኤስሲ ከክፍሉ ዓይነት ሌላ «ልምድ» የሚለው ደረጃ አለው፤ ቤላ፣ ፋንታስቲካ፣ አውሬያ እና ያት ክለብ። አንዱን የባልኮኒ ክፍል በሦስት ዋጋ ታዪዋለሽ፤ አልጋው ያው፣ ባልኮኒው ያው። ቤላ ከያዝሽ የክፍሉን ቦታ የሚመርጥልሽ ድርጅቱ ነው። ፋንታስቲካ ቦታ ያስመርጣል። አውሬያ ላይ የእራት ሰዓት እንደልብ ይሆናል፣ በመሳፈር ቅድሚያ አለ፣ የስፓው የእንፋሎት ክፍሎችም ይፈቀዳሉ። ስፓ የማይገባ ሰው አውሬያ መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው።

ያት ክለብ ግን ሌላ ዓለም ነው። የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ላውንጅ፣ የራሱ መዋኛና ፀሐይ መሞቂያ፣ መጠጥ፣ 24 ሰዓት የሚያስተናግድ በትለር አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ሜራቪሊያ ላይ የያት ክለብ መስኮት የሌለው ክፍልም አለ። ግድግዳው ጨለማ ነው፣ ካርዱ ግን የያት ክለብን በር ሁሉ ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ለማይቀመጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ስሌት የለም። በተቃራኒው የሮያል ጁኒየር ስዊት ክፍሉ ሰፊ ሆኖ በሩ የሚከፍተው ጥቂት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ የወኪሉ «የስዊት ጥቅም» ምን ያህል ልቅ አባባል እንደሆነ ይታይሻል።

ዳዊት_ተ

ባልኮኒውን በአንድ ቃል እንዳታልፉት። ከባልቲሞር ጥር ወይም የካቲት ላይ ለሚሄድ ሰው ባልኮኒ አልመክርም፤ ወደ ደቡብ እስኪወርዱ ብርድ ነው፣ ሲመለሱም ብርድ ነው፣ በሩ ተዘግቶ ይቀራል። ኦገስት ላይ ግን እያንዳንዱን ሰዓት ይጠቀሙበታል። መርከቧ ከወደቡ ወጥታ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ለመጨረስ ወደ 150 ማይል ትሄዳለች። ያ የመጀመሪያው ምሽት ሙሉ ነው፤ ውኃው የረጋ፣ ሁለቱም ዳር መብራት የሚታይበት። ቤርሙዳ ላይም መርከቧ ሮያል ኔቫል ዶክያርድ በሚባለው ወደብ ታስራ ስለምታድር ልጁ ከተኛ በኋላ ወላጆች የሚቀመጡበት ቦታ ይኖራቸዋል። መስኮት በሌለው ክፍል ግን የ6 ዓመት ልጅ 2 ሰዓት ላይ ሲተኛ መብራት ይጠፋል፣ ወላጅም አብሮ መተኛት ነው።

ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ። 8ኛው ዴክ ከበላዩ የመዋኛው ዴክ ነው፤ ሠራተኞች ማለዳ ወንበር ሲጎትቱ ድምፁ በጣሪያው ይወርዳል። 7ኛው ከላዩም ከታቹም ምን እንዳለ የዴክ ፕላኑን ከፍተው ያረጋግጡ። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ያለበት ቦታ ነው ጸጥ የሚለው። ወደ አፍንጫው ያሉ ዝቅተኛ ክፍሎች ወደብ ሲደረስ የመልህቁንና የጎን ሞተሩን ጩኸት ይሰማሉ፤ ወደ ጭራው ያሉት ደግሞ ንዝረት አለባቸው።

በፕላኑ ላይ ሁለቱ ክፍሎች መካከል ትንሽ ምልክት ካለ በመሀላቸው የሚከፈት በር አለ ማለት ነው። ለእናንተ ጥሩ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ከሆነ ግን በዚያ በር ድምፅ ያልፋል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፦ ጁኒየር ስዊቱ ከባልኮኒው የሚበልጥበትን ዋጋ ለብቻው ያውጡና በዚያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ይዩ። ኢንተርኔትና ቀድሞ መሳፈር የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሮያል «ዘ ኪይ» የሚል ጥቅል ለማንኛውም ክፍል ይሸጣል፤ በክፍሉ ያለ ከ6 ዓመት ጀምሮ ሁሉም ሰው መግዛት አለበት፣ ስለዚህ ልጃችሁም ይቆጠራል። የመጠጥ ጥቅሉም እንዲሁ ነው። በአንድ ክፍል ያለ አንድ አዋቂ የአልኮል ጥቅሉን ከገዛ ሌላውም አዋቂ መግዛት ግድ ይሆንበታል፣ በላዩም 18 በመቶ ቲፕ ይጨመራል። ባልሽ የሚጠጣ፣ አንቺ የማትጠጪ ከሆነ በየብርጭቆው መክፈሉ ይረክሳል።

ቲፑንም አትርሱ። ሮያል ለጁኒየር ስዊትና ከዚያ በታች በሰው በቀን 18.50 ዶላር አካባቢ ያስከፍላል፤ ሕፃንም አዋቂም እኩል ነው። ለአምስት ሰው በ5 ሌሊት 462.50 ዶላር ይመጣል። ከግራንድ ስዊት ወደ ላይ ተመኑ ከፍ ይላል።

መስኪ_ሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወኪሉ ሳምንት ሙሉ ያላስረዳኝን አስረዳችሁኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ልጄን ከአያቷ ጋር ሌላ ዴክ ላይ ማስመዝገብ ይፈቀዳል? ሁለተኛ፣ ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እናቴ ትጾማለች፣ እስከ 9 ሰዓትም አትቀምስም። ቡናም ያለ ጀበና አይሆንላትም።

ትግስት_ዲሲ

መስኪ፣ ልጅቷን ማስመዝገብ ይቻላል። ደንቡ በክፍሉ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲኖር ነው፤ አያቷ አሉ። ሁለቱ የመያዣ ቁጥሮች አብረው የሚጓዙ ተብለው እንዲያያዙ ወኪሉን ንገሪው፤ ካልተያያዙ እራት ላይ የተለያየ ጠረጴዛ ይደርሳችኋል። ከገባችሁ በኋላ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳችሁ የእናትሽን ክፍል የሚከፍት ተጨማሪ ካርድ ጠይቁ። ሌሊት ቢያማቸው በሩን አንኳኩቶ መጠበቅ አይኖርም።

ጾሙ ላይ ብዙ ሰው ሳያስብ ይከፍላል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ የአሜሪካ የትምህርት ቤት ዕረፍትና የክሩዝ ገበያው የሚደራበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ለጿሚ የስቴክ ቤት ጥቅልና የመጠጥ ጥቅል ዋጋ የላቸውም። እነሱን የያዘ ደረጃ ለእናትሽ ምንም አይጨምርላቸውም። የሚያስፈልጋቸው ዋናው የምግብ አዳራሽ ነው፤ ያ ደግሞ በማንኛውም ክፍል ዋጋ ውስጥ ያለ ነው። በመጀመሪያው ምሽት የአስተናጋጆቹን አለቃ አስጠሪና «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» ብለሽ ንገሪው። «ቬጂቴሪያን» ካልሽ አይብና ቅቤ ይመጣል፤ «ቪገን» በዪ። ከዚያ በኋላ በየማታው የነገውን ዝርዝር አምጥተው ያስመርጧቸዋል፣ ለብቻ ይሠራላቸዋል።

የ9 ሰዓቱ ነገር ትንሽ ያስቸግራል። ቡፌው ምሳ ጨርሶ እራት እስኪከፍት ክፍተት አለው፤ እሱም 9 ሰዓት አካባቢ ሊጀምር ይችላል። የዕለቱን ፕሮግራም ጠዋት አይተሽ ቡፌው ሊዘጋ ሲል ሩዝ፣ ምስር፣ ሰላጣ በሳህን አንሥተሽ ክፍላቸው አቆዪላቸው። ወደ ክፍል መውሰድ ይፈቀዳል። ካመለጣችሁ ሶላሪየም የሚባለው የመዋኛ ስፍራ ጋ ያለው ፓርክ ካፌ አለ፤ ከዳቦውና ከሰላጣው ጿሚ የሚበላው አይጠፋም። ምግብ ወደ ክፍል ማዘዝ ግን ወደ 8 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ነጻ የሆነው ቀለል ያለው ቁርስ ብቻ ነው።

ቡናው ላይ አዝናለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውኃ ማፍያ፣ የቡና ማሽን፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ ሁሉም በየትኛውም ክፍል ክልክል ነው፤ ሻንጣው ሲፈተሽ ይወሰዳል። መርከብ ላይ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳት ነው። ጀበናውን እቤት ተዉት። የተፈጨ ቡና በታሸገ ከረጢት፣ ትንሽ የወረቀት ወይም የጨርቅ ማጥለያና ጥሩ ፔርሙዝ ያዢ፤ ፈላ ያለ ውኃ ቡፌው ላይ አለ። ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ቆሎ ከወሰድሽም በፋብሪካ የታሸገውን ይሁን።

ለክፍሉ ሁለት ትንሽ ነገር። ግድግዳው ብረት ስለሆነ የማግኔት መንጠቆ ይይዛል፤ አምስት ስድስት ብትይዙ ኮፍያ፣ ቦርሳና እርጥብ ልብስ ከወለሉ ይነሣል። አሮጌ መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው ጠረጴዛው ጋ ነው፣ እሱም ጥቂት። ማከፋፈያ ገመድ ይወሰዳል፤ ብዙ ቀዳዳ ያለው የዩኤስቢ ቻርጀር ግን ይበቃችኋል።

ብሩክ_ቢ

በመጨረሻ ስለ አያያዙ። ወኪሉ «ጋራንቲ» የሚል ርካሽ ዋጋ ካቀረበልሽ አትቀበዪው። ጋራንቲ ማለት ዓይነቱን አንቺ ትመርጫለሽ፣ ቦታውን ድርጅቱ ይመድባል። ብቻውን ለሚሄድና እንቅልፉ ለማይረበሽ ሰው ጥሩ ነው። አንቺ ግን እናትሽን መሀል፣ ሊፍት አጠገብ የምትፈልጊ ነሽ፤ አፍንጫው ላይ ቢመደቡ መለመን እንጂ መብት የለሽም።

ቀኑ ሲቀርብ ሮያል «ሮያል አፕ» በሚለው የጨረታ መንገድ ክፍል ለማሻሻል ዋጋ እንድታቀርቢ ኢሜይል ይልክ ይሆናል። የምታስገቢው ቁጥር ለአንድ ሰው ነው፤ በሁለት ተባዝቶ ይቆረጣል። ሦስተኛው ሰው አይቆጠርም። ከተቀበሉት መሰረዝ የለም፣ የትኛው ክፍል እንደሚደርስሽም አይነግሩሽም፤ ከእናትሽ ክፍል ጫፍና ጫፍ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የእናትሽን ክፍል ፈጽሞ ጨረታ ውስጥ አታስገቢ።

ለ5 ሌሊትና ከዚያ በላይ የመጨረሻው ክፍያ ከመነሻው 90 ቀን በፊት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የያዝሻቸው ሁለት ክፍሎች ዋጋ ሲወርድ በወረደው ዋጋ ማስተካከል ይቻላል፤ ወኪሎች ካልተጠየቁ አያዩትም፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ራስሽ ድረ ገጹን እያየሽ ደውዪለት። የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ የሚለውን ከመረጥሽ ግን መርከብ ወይም ቀን ለመቀየር በሰው 100 ዶላር ይቆረጣል። ኦገስት የማዕበል ወቅት መሀል ነው፤ ማዕበል ከመጣ ድርጅቱ ቤርሙዳን ትቶ ሌላ ወደብ ሊሄድ ይችላል፣ ባልኮኒም ያዝሽ ስዊት፣ በዚያ ምክንያት የሚመለስልሽ የቀረው ወደብ ክፍያ ብቻ ነው።